«ምንም የለብዎትም» የሚለው መልስ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ ሕመም በየጊዜው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በጥሞና ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዐሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከዓምዳችሁ ቆርጬ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ያነበብኳቸው ጽሑፎችም አሉ። ስለ ጭንቀት ሕመም የወጣውና እኔ ያየሁት ግን በቂ እንቅልፍ መተኛትንና ክፉ ክፉውን አለማሰብን ከመምከር አያልፍም። ሕመሙን በራሴ ላይ ያየሁት ሰው ነኝና፣ በዚህ ረገድ የጎደለውን ለማከል ያህል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር አንድ ሌሊት፣ የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ ልተኛ ስል ልቤ ያለ ምንም ምክንያት ድው ድው ማለት ጀመረ። ደረቴን ድንጋይ የተጫነኝ መሰለኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጣቶቼና የከንፈሬ ዙሪያ ደነዘዙ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አሁን መሞቴ ነው» የሚል፣ ማንም ቢከራከረኝ የማልለቀው እርግጠኝነት ያዘኝ። ባለቤቴ ጎረቤታችንን ቀስቅሳ በእሱ ባጃጅ ከሰፈራችን ከማራኪ ወደ ሕክምና ተወሰድኩ። ተራ ይዘን እስክንገባ ድረስ ሕመሙ ግማሽ ያህሉ ለቆኝ ነበር። የልብ ምርመራ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ግፊቴ ተለካ፤ ተረኛ የነበረው ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ በትሕትና «መምህር፣ ልብዎ ጤነኛ ነው፤ ምንም የለብዎትም» አለኝ።

በቀጣዮቹ ሰባት ወራት በሦስት የተለያዩ የሕክምና ተቋማት አራት ጊዜ ተመረመርኩ፤ አራት ጊዜም ይህንኑ መልስ ይዤ ወጣሁ። ሐኪሞቹ ስለ ልቤ ያሉት እውነት ነበር፤ መመርመሬም ተገቢ ነበር። በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ አለዚያም ዳገት ሲወጣ የሚጀምርና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም የሚሰማው ሰው «ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። ጥፋቱ ነገሩ በዚያው መቆሙ ነው። ሞትን አይቶ የተመለሰ ሰው «ምንም የለብዎትም» ሲባል ሊደርስባቸው የሚችላቸው ድምዳሜዎች ሁለት ናቸው፤ ወይ ሐኪሙ በሽታዬን አላገኘውም፣ ወይ አእምሮዬን እየሳትኩ ነው። የመጀመሪያውን የያዘ ከክሊኒክ ክሊኒክ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ እያለ ጥሪቱን ይጨርሳል። ሁለተኛውን የያዘ ዝም ይላል። እኔ ሁለቱንም በየተራ ሞክሬአቸዋለሁ።

ስለ አድሬናሊን በየዓመቱ ሳስተምር ኖሬ ነገሩ በራሴ ላይ ሲደርስ አለመለየቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባሉ፣ የለውዝ ፍሬ የመሰሉ ሁለት የነርቭ ሴሎች ስብስቦች አሉ፤ ከሥራዎቻቸው አንዱ አደጋን ፈጥኖ መለየትና ገላን ማስጠንቀቅ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበረታል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይዞራል፣ ላብ ይወጣል። ማታ በጨለማ ከጅብ ጋር ፊት ለፊት ለተገናኘ ሰው ይህ ሁሉ መዳኛው ነው። ጅብ በሌለበት፣ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ማስጠንቀቂያው ሲነሣ ግን ያው ሰውየው የሚያየው ጠላት ስለሌለ ጠላቱን በገዛ ደረቱ ውስጥ ይፈልጋል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲፈጥን ደግሞ የተቃጠለው አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል፤ የጣትና የከንፈር መደንዘዙ፣ የራስ ማዞሩ የሚመጣው በአመዛኙ ከዚህ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ልቡም እውነት ደልቋል፣ እጁም እውነት ደንዝዟል። በሕክምናው ቋንቋ ፓኒክ የሚባለው ይህ ማዕበል ብዙውን ጊዜ በዐሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ባጃጁ ላይ ሳለሁ የቀለለኝም ለዚህ ነበር፤ እኔ ግን ለሕክምናው ቅርብ በመሆኔ የዳንኩ መስሎኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከሕክምና ተቋም ርቆ መሄድ አስፈራኝ።

አንድ ሌሊት የደረሰ ጥቃት ብቻውን ሕመም አይባልም፤ አንድ ጊዜ ደርሶባቸው ያለፋቸው ብዙዎች አሉ። ሰውን የሚያስረው ከዚያ ወዲያ የሚከተለው፣ ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ነው። የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ስወጣ ልቤ ትንሽ ሲፈጥን «መጣብኝ» እላለሁ፤ ይህ ሐሳብ ራሱ አድሬናሊን ይጠራል፤ አድሬናሊኑ ልቤን የባሰ ያፈጥነዋል፤ እኔም «ይኸው፣ ልክ ነበርኩ» እላለሁ። መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ መሄድ ተውኩ። ቀጥሎ ወደ አዘዞ በሚኒባስ መሳፈር ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ በር አጠገብ እቆም ጀመር። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼ የማላውቅ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንፋን ይዞኛል እያልኩ ቤቴ ዋልኩ። ከሁሉም የከበደው ግን የለቅሶው ነገር ነበር፤ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው መሐል መቀመጥ ስላልቻልኩ ከሁለት ጎረቤቶቼ ቀብር ቀረሁ፤ በእድራችንም «መምህሩ ኮርቷል» ተባለ። ከአንድ ቦታ በሸሸሁ ቁጥር የሚሰማኝ ዕፎይታ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን አንጎሌ ከዚያ ዕፎይታ የሚማረው ቦታው በእርግጥ አደገኛ እንደ ነበረ ነው። ለቤት ዘብ የቆመ ውሻ መንገደኛውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ሲጮህ፣ በጮኸ ቁጥር በሩን እየዘጋን ከገባን፣ ነገም አጥብቆ መጮኹ አይቀርም።

ፓኒክ ከጭንቀት ሕመሞች አንዱ ብቻ ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ነገው ሁሉ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ማቆሚያ የሌለው ስጋት ይዞት፣ እንቅልፍ እየነሣው፣ ጡንቻውን እየወጠረው የሚኖር ሰው አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም አለበት ይባላል። በሰው ፊት መናገርን ወይም መብላትን እስከ መተው የሚያደርስ ማኅበራዊ ፍርሃት አለ፤ ከፍታን፣ ደምን ወይም እንስሳን ለይቶ የመፍራት ሕመምም አለ። ከአሠቃቂ አደጋ በኋላ የሚከተለውና ሐሳብን ወይም ድርጊትን እየደጋገመ የሚያስጨንቀው ሕመም ቀድሞ ከእነዚህ ጋር ይቆጠሩ ነበር፤ የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምደባ መጽሐፍ ግን ለየብቻ ተቀምጠዋል።

የእኛ ችግር አንድም ከስያሜው ይነሣል። በአማርኛ የፈተና ጭንቀትም፣ የምጥ ጭንቀትም፣ ሰውን ከቤት የሚያውለው ሕመምም ያው «ጭንቀት» ነው፤ ስለዚህ ሰው «ጭንቀት ይዞኛል» ሲል «ማን የማይጨነቅ አለ?» ተብሎ ይመለሳል። በሌላ በኩል ሕዝቡ ስሜቱን በገላው መናገር ያውቅበታል፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «ልቤን ያዘኝ»፣ «ውስጤን አቃጠለኝ»፣ «ነርቤ ተነክቷል» ይላል። ይህን አነጋገር የሰማ ባለሙያ ጨጓራ ብሎ የጨጓራ ኪኒን ይጽፋል፤ ልብ ያለውን ወደ ልብ ምርመራ ይልካል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ብርድ ነው» እያለች ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ስትወስድበት የኖረችው ነገር ምን እንደ ነበረ የገባኝ እኔ ከታመምኩ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ቃል ሲነሣ ሰው ወዲያው የሚያስበው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ነው፤ ሆስፒታሉ ለአገር የዋለው ውለታ ሳይቀነስ፣ ስሙ በአነጋገራችን የእብደት መለያ ሆኖ መቅረቱ ልቡ የሚደልቅን መምህር ከሕክምናው በር ላይ ይመልሰዋል።

ልቡ ጤነኛ ሆኖ ልቡን የሚታመም ሰው ነገር ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የተሳተፉ ወታደሮች ልባቸው እየደለቀ፣ ደረታቸውን እየወጋቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ወደ እሱ ሲመጡ የልብ ጉድለት ያላገኘባቸው ብዙዎች መሆናቸውን ጽፎ፣ ሁኔታውን «የሚቆጣ ልብ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ያ ሐኪም ቢያንስ ለወታደሮቹ ስም ሰጥቷቸዋል።

መንስኤውን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ጣት መቀሰር አይቻልም። በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌ አለው፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ለዘር ውርስ ይሰጡታል፤ ይህም ቀሪው ከአኗኗርና ከደረሰብን ነገር የሚመጣ ነው ማለት ነው። በልጅነት የደረሰ በደል፣ የወላጅ ሞት፣ ረጅም ሥራ አጥነት፣ ጦርነትና መፈናቀል ሁሉ ድርሻ አላቸው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይታያል። ጭንቀት የሚመስል ነገር የሚያመጡ የገላ ሕመሞችና መድኃኒቶች መኖራቸውንም ማወቅ ይገባል፤ ከነዚህም የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የደም ማነስና አንዳንድ የአስም መድኃኒቶች ይገኛሉ። እንቅርት ብዙ በሚታይበት እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ልቡ የሚደልቅ፣ የሚከሳና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የታይሮይድ ምርመራ ሳይደረግለት ጭንቀት ነው መባል የለበትም።

ስለ ጫትና ስለ ቡናም ሳልናገር አላልፍም። ሁለቱም ልብን የሚያነቃቁ ናቸው፤ የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጥቃቱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ጎንደሬ ሆኖ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጡ መነሣት እንዴት እንደሚቆጠር ስለማውቅ ምክሩን የተቀበልኩት እያጉረመረምኩ ነው፤ አሁን በአቦል ብቻ እነሣለሁ፣ አክስቴም እስካሁን አልተቀየመችኝም ማለት አልችልም። ማታ ማታ «ነርቭ ያረጋጋል» ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ለአንድ ሰዓት ያረጋጋል፤ ከሰውነት ሲወጣ ግን ጭንቀቱን ከበፊቱ አብሶ ይመልሰዋል።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የደረሰውን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋት፣ እገታ፣ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ማደር የዕለት ኑሯችን ሆኖ ከርሟል። በዚህ ጊዜ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ የሚጨነቅን አባት፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ደባርቅ ለመጓዝ የሚፈራን ነጋዴ ሕመምተኛ ማለት ስድብ ነው፤ አደጋው እውነት እስከ ሆነ ድረስ ፍርሃቱም ጤና ነው። ሕመም የምንለው አደጋው በሌለበት፣ በሰላሙ ቀን፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ገላው ያንኑ ማስጠንቀቂያ ሲያሰማና ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ማኅበራዊ ኑሮውን ሲያስተወው ነው። ለባለሙያም ሆነ ለቤተሰብ ይህን መለየት ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። ይሁንና «አገሩ ሁሉ ተጨንቋል» የሚለው አባባል የታመመውን ሰው ሕክምና የሚያስቀር ምክንያት ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል።

እኔን ወደ ትክክለኛው በር ያደረሰችኝ ቀድሞ ያስተማርኳት፣ አሁን ነርስ የሆነች ልጅ ናት። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ስም ያለው ሕመም ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፣ ልብዎን አይደለም የሚያክሙዎት» አለችኝ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከላይ የጻፍኩትን የአድሬናሊን ነገር በወረቀት ላይ እየሣለ ማስረዳት ነበር፤ ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ሳልነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ቀጥሎም የምሸሻቸውን ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስጽፎኝ፣ ከታች ጀምረን እንደ መሰላል እንድንወጣቸው ተስማማን። መጀመሪያ በአዘቦት ቀን፣ ገበያተኛ ሳይበዛ፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር ሄጄ ልቤ ሲደልቅ ሳልሸሽ፣ ድልቂያው ራሱ እስኪወርድ ድረስ መቆም ነበረብኝ። የመጀመሪያው ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በአምስተኛው ቀን ስምንት ደቂቃ አልሞላም። ሚኒባሱ፣ ከዚያ ቅዳሴው፣ ከዚያ የለቅሶ ድንኳኑ ተከተሉ። ይህ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው ነው፤ በዓለም ላይ ለጭንቀት ሕመሞች ይበልጥ የተፈተነው የንግግር ሕክምናም እሱ ነው። ቁምነገሩ ፍርሃቱን በክርክር ማሸነፍ አይደለም፤ አንጎል ከሸሸው ቦታ ቆሞ ምንም እንደማይደርስበት በራሱ እንዲያይ ማድረግ ነው።

ከዚሁ ጋር ፍሉኦክሴቲን የተባለ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ይህና እንደ ሰርትራሊን ያሉት ወንድሞቹ ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ለጭንቀት ሕመም በመጀመሪያ ከሚታዘዙት ውስጥም ይገኛሉ። ማንም አስቀድሞ ካልነገረው ሰው በእነዚህ መድኃኒቶች የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ጥቅማቸው የሚታየው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ መቁነጥነጥንና የልብ ድልቂያን ሊጨምሩ ይችላሉ። እኔ በአራተኛው ቀን ልጥላቸው ተነሥቼ ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ። ሁለተኛ፣ ሰው ተሽሎት ሳለ «ድኛለሁ» ብሎ በድንገት ሲያቆማቸው ማዞርና መረበሽ ሊመጣ፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል፤ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀጥሎ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ነው የሚመከረው።

ሌላው መድኃኒት ብዙ አንባቢዎቻችሁ ቤት ውስጥ የሚገኘው ነው። ዲያዜፓም፣ በንግድ ስሙ ቫሊየም፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ ጭንቀትን በደቂቃዎች ውስጥ በማብረድ ታውቋል፤ ከባድ በሆነ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ሐኪም ሲያዘው ቦታ አለው። ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ በሳምንታት ውስጥ ገላ ይለምደዋል፤ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ በድንገት ሲቆምም ጭንቀቱ አብጦ ይመለሳል፣ ከባድ ከሆነም ሰው እስከ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት ይደርሳል። ከአረቄ ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል፤ አረጋውያንን ደግሞ እየጣለ አጥንት ያሰብራል። ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥ የማይገባው ይህ ኪኒን «የእንቅልፍ ኪኒን» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሲያካፍለው በዐይኔ አይቻለሁ። የሚያካፍሉት ደግሞ ለክፋት አይደለም፤ የታመመ ሰው አሳዝኗቸው ነው።

ስለ ጠበል የሚጠይቁኝ ይኖራሉ። ጠበል ሄጃለሁ፤ ዛሬም እሄዳለሁ። የንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ኪኒንህን ዋጥና ና ተጠመቅ» አሉኝ፤ እንዲህ የሚሉ አባቶች እንዳሉ ሰው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። የምቃወመው መድኃኒት የጀመረን ሰው «እሱን ካልጣልክ አይሠራልህም» የሚሉትን ብቻ ነው፤ በዚህ ምክር ኪኒኑን በአንድ ቀን ጥሎ የባሰበትን ሰው አውቃለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው፤ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ አገራችንም የተቀበለችው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ የጤና መኮንኖችና ነርሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች ለይተው እንዲያክሙ ማሠልጠንን ዓላማው ያደረገ ነው። ይህ አካሄድ ለጎንደር እንግዳ ሊሆን አይችልም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋማችን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የተነሣው ሐኪም ወደማይደርስበት ገጠር የሚሄዱ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማውጣት ነበር። በእነዚያ ባለሙያዎች እንደ ወባ ላለው በሽታ የተሠራው ሥራ ልቡ ለሚደልቀውም ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን ገንዘብም ሥልጠናም የማይጠይቅ አንድ ነገር ከተረኛ ሐኪሞችና ከጤና መኮንኖች እለምናለሁ። ምርመራው ንጹሕ በሆነ ጊዜ «ምንም የለብዎትም» በማለት ፈንታ «ልብዎ ጤነኛ ነው፤ የደረሰብዎት ነገር ግን እውነተኛ ሕመም ነው፤ ፓኒክ ይባላል፤ አይገድልም፤ የሚታከመውም በዚያኛው ክፍል ነው» ይበሉ። በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። የጤና ዓምዳችሁም ይህን ዓረፍተ ነገር በትልቁ ቢያወጣው፣ ሐኪሙ ሳይለው የቀረ ሕመምተኛ ራሱ ቆርጦ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስሜን እንዳታወጡብኝ እጠይቃለሁ። እኔ አላፍርበትም፤ ነገር ግን ለጋብቻ የደረሰች እኅት አለችኝ፣ ሽማግሌ የሚልኩት ሰዎችም ጋዜጣ ያነባሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከጎንደር፣ ማራኪ